የዘንጉ እጀታና የወርዋሪው ክንድ

ቆቃ ሐይቅ ላይ ዓሣ በብዛት የሚያዘው በመረብ ነው። ዘንግ ይዞ የሚታየው ወይ ለእረፍት ቀን ከአዳማ ብቅ ያለ ከተሜ ነው፣ ወይ ሸምበቆ ላይ ክር አስሮ አዋሽ ዳር የተቀመጠ ልጅ። ልጁ ስለ እጀታ አይጨነቅም። መንጠቆውን ከፊቱ ስለሚጥለው ሸምበቆውን የትም ቢይዘው ያው ነው። እጀታ ጉዳይ የሚሆነው አርቆ መወርወር ሲመጣ ነው።

ቆቃ ላይ ደግሞ አርቆ መወርወር ግድ ይላል። ሐይቁ በ1952 ዓ.ም. ግድቡ ሲጠናቀቅ አዋሽ ሜዳው ላይ ተኝቶ የተፈጠረ በመሆኑ ብዙው ዳርቻ ለጥ ያለና ጥልቀት የሌለው ነው። ወደ ውስጥ ገብቼ ልቅረብ የሚል ሰው ጉማሬና አዞ እንዳለ ባይረሳ ይሻላል። ነፋሱም አለ። አዳማ አጠገብ የቆሙት ሁለቱ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች፣ አንዱ 51 ሌላው 153 ሜጋ ዋት፣ እዚያ የተተከሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ነፋስ ፊት ለፊት ሲመጣ ክሩን እያጎበጠ ጫፉ ላይ የታሰረውን እርሳስ መንገድ ላይ ያስቀረዋል።

ወርዋሪው የሚሠራውን በዝግታ እንየው። ቀኝ እጁ ላይኛውን፣ የክር መጠቅለያው ያለበትን ቦታ ይይዛል፤ ግራው የእጀታውን ጫፍ። ሲወረውር ቀኙ ወደ ፊት ይገፋል፣ ግራው ወደ ሆዱ ይስባል። ዶማ የሚያነሳ ገበሬ እጆቹን አራርቆ የሚይዘው በዚሁ ምክንያት ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። 240 ሳንቲ ሜትር ዘንግ እንውሰድ። በሁለቱ እጆች መካከል 30 ሳንቲ ሜትር ቢኖር ከላይኛው እጅ በላይ የሚቀረው 210 ነው። ጫፉ ላይ በአግድም የ1 ኪሎ ያህል ጫና ሲያርፍ የታችኛው እጅ 7 ኪሎ መሳብ አለበት። እጀታው አጥሮ የእጆቹ ርቀት 20 ቢሆን ግን ከላይ 220 ስለሚቀር የሚፈለገው 11 ኪሎ ይሆናል። በእርግጥ ዘንግ ሲጎብጥ ጫናው ይቀንሳል፤ ልዩነቱ ግን አይጠፋም። ቀኑን ሙሉ ሲወረውር የዋለ ሰው ማታ ትከሻውን የሚያሸው ለዚህ ነው። ወንጀሉ ብዙ ጊዜ የዘንጉ ክብደት ላይ ይለጠፋል፤ እኔ ግን መጀመሪያ የምጠረጥረው አጭር እጀታን ነው።

ታዲያ ረጅም እጀታ ሁልጊዜ ይሻላል? ዝዋይ ላይ፣ የዛይ ሰዎች ከደንገል በሚያስሩት ዓይነት ታንኳ የተቀመጠ ሰው ይህን አይልም። ዝቅ ብሎ ስለሚቀመጥ ረጅሙ እጀታ ጎኑን ይወጋዋል፣ ክንዱ ላይ ይጠላለፍበታል። ቆሞ እንደልብ መወርወርም ታንኳውን ያንገዳግዳል። ውኃው ላይ ስላለ ርቀትም ብዙ አያስፈልገውም። ለእሱ በአንድ እጅ የሚወረወር፣ መጠቅለያው ያለበት ቦታ ሲያዝ ጫፉ ክርኑ ጋ የሚያበቃ እጀታ ይበቃዋል።

ውፍረቱም የራሱ ጣጣ አለው። ጣቶችን የሚያጥፉት ትልልቅ ጡንቻዎች ያሉት ክንድ ውስጥ ነው። እጀታው ቀጭን ሲሆን ዘንጉ እንዳይዞር አጥብቀን እንጨብጣለን፣ ክንዱም ሳይታወቀን ይዝላል። ሲበዛ ወፍራም ከሆነ ደግሞ አውራ ጣት ሌሎቹን ማገዝ ያቅተዋል። እጅ ዙሪያውን ሲይዘው አውራ ጣትና መሀል ጣት ለመነካካት የሚቃረቡበት ውፍረት ጥሩ መነሻ ነው። መሀሉ ትንሽ ያበጠ እጀታ የመዳፍን ጎድጓዳ ስለሚሞላ ጭብጡ ይላላል፤ ጫፉ ላይ ያለው ጉብታ ደግሞ የሚስበው እጅ ሾልኮ እንዳይወጣ ያደርጋል። ለየጣቱ የተቦረቦረ እጀታ ሲያዩት ያምራል፤ የሚመቸው ግን እጁ የሠሪው መለኪያ ለነበረ ሰው ነው፣ አልመክረውም። መካከሉ ባዶ ሆኖ ላይና ታች ብቻ የተሸፈነው ግን ችግር የለበትም፣ እጅ መሀሉን አይነካውም፤ ክብደትም ይቀንሳል።

መሸፈኛው ቡሽ ወይም ስፖንጅ መሰል ላስቲክ ነው። ቡሽ ቀላል ነው፤ እጅ በአምባዛ ልጋግ ሲርስም አያንሸራትትም፣ ግን እየተፈረፈረ ያልቃል። ጥቁሩ ስፖንጅ ረጅም ጊዜ ያገለግላል፤ የሶደሬ የቀትር ፀሐይ ላይ ከተተወ ግን ይግላል።

መጠቅለያው ከዘንጉ በታች የሚንጠለጠል ከሆነ እግሩ በመሀልና በቀለበት ጣት መካከል ይግባ፤ አመልካች ጣት ክሩን ለመያዝ ነፃ ትሆናለች። እዚያው ላይ ያለው የማጥበቂያ ብሎን ጥርስ መዳፍ የሚነካ ከሆነ ከብዙ ውርወራ በኋላ ቆዳ ይልጣል። ሱቅ ውስጥ ዘንግ የሚመርጥ ሰው ጫፉን ከማወዛወዙ በፊት መጠቅለያውን አስገጥሞ እዚህች ቦታ ላይ ጨብጦ ይቆይ።

ከውጭ በዘመድ ሻንጣ የመጣ፣ እንዲታጠፍ ተብሎ እጀታው ያጠረና የቀጠነ ዘንግ ያለው ሰው ደግሞ ውፍረቱን ሊያስተካክለው ይችላል። አሮጌ የብስክሌት ካላማዳሪያ ቀጭን አድርጎ መቁረጥ፣ እየለጠጡ ከታች ወደ ላይ መጠምጠም፣ መጨረሻውን በጠንካራ ክር ማሰር። ጫፉ ላይ ሁለት ሦስት ዙር ጨምሮ መጠምጠም ጉብታውን ይሰጠዋል።