የተከፈተ የራስ ቅል በምን ይከደናል?

አንጎል ሲያብጥ ሐኪሞች ከራስ ቅሉ አጥንት ከፊሉን አንሥተው ቦታ ይሰጡታል፤ እብጠቱ ሲጐድል ክፍቱ ይከደናል። በምን? ቲታንየም አይዝግም፤ ግን ውድ ነው። የአክሪሊክ ሲሚንቶ ይረክሳል፤ ሲጠነክር ግን ስለሚግል በውሃ ያበርዱታል። የበሽተኛው የገዛ አጥንት ዋጋ የለውም፤ ችግሩ ማቆያው ነው። እጅግ የሚያቀዘቅዝ መሣሪያ በሌለበት በሆዱ ቆዳ ሥር ይቀመጣል።

ይህ ለወላይታ ሰው ምን ይጠቅማል? በአገራችን የአንጎል ቀዶ ሐኪሞችን ማሠልጠን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው በ1998 ዓ.ም. ነው። ከሶዶ እስከዚያ ከ300 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ለሁለተኛው ቀዶ ሕክምና መመለስ ለገበሬ ከባድ ወጪ ነው። አጥንቱ በሆዱ ካለ ግን ሐኪሙ በተገኘበት ሆስፒታል ሁሉ ክዳኑ ከእርሱ ጋራ ነው፤ ብዙ ከቆየ ስለሚመናመን ብቻ አይዘግይ። እንግዲህ ጥሩ ዕቃ ማለት ውዱ ሳይሆን ለሰው አቅም የሚስማማው መሆኑን እንገንዘብ።