የምንበላው ምግብ በሰውነታችን ውስጥ ምን ይሠራል?

የራሽን ቀን ዱቄት፣ ጥራጥሬ፣ ዘይትና ጨው ተሸክመን ስንመለስ አብዛኛውን ጊዜ የምናስበው እስከሚቀጥለው ዕደላ ስለ ማድረሱ ነው። ነገር ግን እያንዳንዱ ምግብ በሰውነታችን ውስጥ የራሱ ሥራ አለው። አንዱ ሲጎድል ሌላው ሙሉ በሙሉ አይተካውም። ስለዚህ ከራሽናችን አንዱን ከመሸጣችን በፊት ሥራውን ማወቅ ይጠቅመናል።

1ኛ/ ኃይል ሰጪ ምግቦች

በቆሎ፣ ስንዴ፣ ማሽላና ስኳር ካርቦሃይድሬት ይሰጡናል። ካርቦሃይድሬት በአፋችን በምራቅ፣ ኋላም በትንሹ አንጀት ውስጥ ተፈጭቶ ግሉኮስ ወደሚባል ቀላል ስኳር ይለወጣል። ግሉኮስ በደም ተጉዞ ለአንጎልና ለጡንቻ ማገዶ ይሆናል። የተረፈው በጉበትና በጡንቻ ይቀመጣል፤ ከዚያም የበዛው ስብ ይሆናል።

ዘይትም ኃይል ሰጪ ነው። 1 ግራም ካርቦሃይድሬት ወይም ፕሮቲን 4 ኪሎ ካሎሪ ያህል ሲሰጥ፣ 1 ግራም ስብ 9 ይሰጣል። የሕፃን ሆድ ትንሽ ስለሆነ ብዙ ገንፎ አይችልም። 1 የሻይ ማንኪያ ዘይት ቢጨመርበት ግን 40 ኪሎ ካሎሪ ያህል ያገኛል። ቫይታሚን ኤም ወደ ሰውነት በደንብ የሚገባው ከምግቡ ጋር ስብ ሲኖር ነው።

2ኛ/ ገንቢ ምግቦች

ባቄላ፣ ምስር፣ አተር፣ ወተት፣ እንቁላልና ሥጋ ፕሮቲን አላቸው። ፕሮቲን ሲፈጭ አሚኖ አሲድ የሚባሉ ጥቃቅን ክፍሎች ይሆናል። ሰውነት በእነዚህ ጡንቻን፣ ደምንና ቆዳን ይገነባል፤ ቁስልንም ይጠግናል። በበቆሎ ውስጥ የሚያንሰው አሚኖ አሲድ በባቄላ ውስጥ ይገኛል፤ በባቄላ የሚያንሰውም በበቆሎ ይገኛል። ስንዴና ጥራጥሬ የተቀላቀለበት የአገራችን ንፍሮ ጥሩ ምግብ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

አንድ ነገር ልብ እንበል። ኃይል ሰጪ ምግብ ሲያንስ ሰውነት ፕሮቲኑን ያቃጥለዋል። ይህም ለቤት መሥሪያ የተቀመጠን እንጨት ለማገዶ እንደ ማንደድ ነው። እንዲህ ሲሆን ልጅ ማደጉን ያቆማል። ልጅዎ ቢከሳ ወይም ሁለቱ እግሮቹ ቢያብጡ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት።

3ኛ/ ተከላካይ ምግቦች

ቫይታሚንና ማዕድናት የሚያስፈልጉን በጥቂቱ ነው፤ ጉድለታቸው ግን ከባድ ነው። በ1990 እ.ኤ.አ. በማላዊ በነበሩ የሞዛምቢክ ስደተኞች መካከል ከ17,000 በላይ ሰዎች ፔላግራ በተባለ በሽታ ተይዘዋል። ዋና ምግባቸው በቆሎ ነበር፤ ይታደል የነበረው ለውዝ በመቋረጡ ናያሲን የተባለው ቫይታሚን ጎደላቸው። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ደግሞ በሶማሊያና በሱዳን በነበሩ የኢትዮጵያ ስደተኞች ላይ በቫይታሚን ሲ እጥረት ድድ የሚያደማና መገጣጠሚያ የሚያሳምም በሽታ ታይቷል።

ቫይታሚን ሲ በሎሚ፣ በቲማቲምና በጎመን ይገኛል፤ ብዙ ሲቀቀል ግን ይጠፋል። ደም የሚሠራው የብረት ማዕድን በጥራጥሬና በጎመን አለ። ከምግብ ጋር የሚጠጣ ሻይ ብረቱ ወደ ሰውነት እንዳይገባ ስለሚያግድ፣ ሻይን ከምግብ 1 ሰዓት በኋላ መጠጣት ይሻላል። ሎሚ ግን ብረቱ በደንብ እንዲገባ ይረዳል።

ምን እናድርግ?

ሀ/ ለማገዶና ለሳሙና ስንል ከራሽናችን መሸጥ ግድ ቢሆንብን ዘይቱንና ጥራጥሬውን በሙሉ አንሽጥ። ከሽያጩም ጥቂቱን ለቲማቲም ወይም ለሎሚ እናውል።

ለ/ አትክልት በታጠበበት ውሃ በደጃችን ጥቂት ጎመን ወይም ሽፈራው እናልማ። የሽፈራው ቅጠል ይበላል።

ሐ/ ጥራጥሬውና ዘይቱ ሲታደል ሕፃናትን፣ ነፍሰ ጡሮችንና የሚያጠቡ እናቶችን እናስቀድም።

የክለሳ ጥያቄዎች

1. በገንፎ ላይ ዘይት መጨመር ለሕፃን የሚጠቅመው ለምንድን ነው?
2. ኃይል ሰጪ ምግብ ሲያንስ ፕሮቲን ምን ይሆናል?
3. ሻይ ከምግብ ጋር ባይጠጣ የሚመረጠው ለምንድን ነው?

መልሱን ከቤተሰብዎ ጋር ይወያዩበት።