ስለ አፍ ደዌና ስለ ልብ ኀዘን

ሰው የሚታወቀው በፊቱ ነው፤ የሚናገረውም፥ የሚስቀውም፥ የሚያለቅሰውም በፊቱ ነው። ስለዚህ አፍንና ጉንጭን የሚያበላሽ ደዌ ከሥጋ አልፎ ልብን ያቈስላል። ለዚህም ምሳሌ የሚሆነው ኖማ የሚባለው ደዌ ነው። ስሙ ከጽርእ ቋንቋ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው መጋጥ ማለት ነው፤ የሕፃኑን ፊት ግጦ ይበላዋልና።

ይህ ደዌ ብዙውን ጊዜ የሚይዘው ከ2 እስከ 6 ዓመት ያሉትን፥ ምግብ ያነሳቸውን፥ ይልቁንም ከኩፍኝ ወይም ከሌላ ብርቱ በሽታ ገና ያላገገሙትን የድኻ ልጆች ነው። መነሻው የድድ ቍስል ነው። ድዱ ይቀላል፥ ይደማል፥ አፉም ይከረፋል። ቀጥሎ ጉንጩ ያብጣል፤ በጥቂት ቀንም ሥጋው ጠቍሮ ይሞታል፥ አጥንቱና ጥርሱም ይገለጣል። መድኃኒት ካላገኙ ከ100 ሕፃናት እስከ 90 የሚደርሱት ይሞታሉ። ከሞት የተረፈውም ጉንጩ ተበስቶ ወይም መንጋጋው አልከፈት ብሎት መብላትና መናገር ይቸግረዋል።

ከዚህ በኋላ ሁለተኛ ደዌ ይከተላል፤ እርሱም ኀፍረት ነው። ጎረቤት ርግማን ነው ይላል፤ ወላጅም ልጁን ከሰው ዐይን ይሰውረዋል፤ ልጁም ከትምህርትና ከጨዋታ ተለይቶ ፊቱን ሸፍኖ ያድጋል። መሰወሩም ኀዘንን ከማብዛቱ በላይ ነፍስን ያጠፋል፤ መድኃኒት አብልጦ የሚረዳው በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ሲሆን እነዚያ ቀኖች በጓዳ ያልፋሉና።

ኖማ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። የችግር ልጅ እንጂ ርግማን አለመሆኑም ከታሪክ ይታወቃል። ከአውሮፓ የጠፋው የሕዝቡ ምግብና ኑሮ ሲሻሻል ነው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ግን በናዚ እስር ሰፈሮች ረኃብ በበረታ ጊዜ ዳግመኛ ታየ። የዓለም ጤና ድርጅትም በታኅሣሥ ወር 2016 ዓ.ም. ኖማን ቸል በተባሉት የሞቃት አገር በሽታዎች መዝገብ ጻፈው።

መምህር ሊያደርገው የሚገባ፤

፩ኛ፤ ድዱ የሚደማና አፉ የሚከረፋ ሕፃን መኖሩን ሲሰማ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ ዘንድ ወላጆቹን ያስረዳ። በዚያም አንቲባዮቲክ የተባለው መድኃኒትና የአፍ ማጠቢያ ይሰጠዋል። ወተት፥ ዕንቍላልና ጥራጥሬም በምግቡ ሊጨመርለት ይገባል።

፪ኛ፤ ልጆች ጥርሳቸውን በየቀኑ በመፋቂያ እንዲያጸዱ ያስተምር፤ ሕፃናት የኩፍኝ ክትባት እንዲያገኙም ይምከር።

፫ኛ፤ ፊቱ የተበላሸ ልጅ ቢኖር ከባልንጀሮቹ መካከል ያስቀምጠው፥ በስሙ ይጥራው፥ የሚዘብትበትንም ይገሥጽ። ሽማግሌዎችም ልጁን የሰወረውን ወላጅ ሳይነቅፉ ያጽናኑት፤ የተበላሸ ፊት በቀዶ ጥገና ሊጠገን እንደሚችል፥ በአዲስ አበባም እንዲህ የታከሙ ሰዎች እንዳሉ ይንገሩት።

ጥያቄ፤ የኖማ መነሻ ምልክቱ ምንድር ነው? ሕፃኑን መሰወር ስለ ምን ይጐዳዋል?