ከሌሊቱ 10 ሰዓት በድንገተኛ ክፍል፦ የሰውነት ሰዓትና የሐኪም ድካም

ከጥቂት ጊዜ በፊት አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ከአዳር ተረኝነት ወጥታ ወደ ቤቷ ስትሄድ ቢሮዬ ጎራ አለች። የመጀመሪያ ዓመት ፊዚክስ ያስተማርኋት ናት፤ ዛሬ የድንገተኛ ሕክምና ሬዚደንት ሆናለች። ቡና እስኪመጣ ድረስ በዚያ ሌሊት ያጋጠማትን ነገረችኝ። ክብደቱ 12 ኪሎ ግራም የሆነ ሕፃን በአስጊ ሁኔታ ላይ ሆኖ ይመጣል። ሊሰጠው የሚገባው መድኃኒት ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም 0.1 ሚሊ ግራም ነው። ስሌቱ ከአንባቢዎቻችን ለማንም የሚከብድ አይደለም፤ 1.2 ሚሊ ግራም ይሆናል። እርሷ ግን ወረቀቱ ላይ 12 ብላ ጻፈች። መድኃኒቱን ልታዘጋጅ የተነሣችው አንጋፋ ነርስ ጥቂት አሰበችና «ዶክተር፣ ይህን ያህል ለመስጠት እኮ ያለንን ብልቃጥ ሁሉ መክፈት ሊኖርብኝ ነው፤ እስቲ አንድ ጊዜ ደግመሽ እዪልኝ» አለቻት። ስሕተቱ ታረመ፤ ሕፃኑም ዳነ። ሰዓቱ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከሩብ ነበር።

«በጣም ደክሞሽ ነበር ማለት ነው» አልኋት።

«የሚያስገርመኝ እርሱ ነው፣ ዶክተር» አለችኝ፤ «ድካም ፈጽሞ አልተሰማኝም ነበር።»

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ይህ መልስ ነው። የፊዚክስ መምህር በሕክምና ጉዳይ ምን አገባው የሚል አንባቢ ቢኖር አልፈርድበትም። ነገር ግን በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለት የፊዚክስ ጥያቄዎች አሉ። አንደኛው በራሱ ጊዜ እየተመላለሰ የሚሠራ ሰዓት ከውጭው ዓለም ጋር እንዴት እንደሚጣጣም የሚመለከት ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ አንድ መለኪያ መሣሪያ የራሱን ስሕተት ማወቅ ይችላል ወይ የሚል ነው። የሕክምና ትምህርት ቤት ለመግባት የምታስቡ ተማሪዎች፣ በተለይም የድንገተኛ ክፍል ሥራ የሚስባችሁ፣ ሁለቱንም ከወዲሁ ብታውቋቸው ይጠቅማችኋል።

በውስጣችን ያለው ሰዓት

እ.ኤ.አ. በ1729 ዓ.ም. ዠን ዣክ ደ ሜራን የተባለ ፈረንሳዊ የሥነ ፈለክ ሊቅ፣ ቀን ቀን ቅጠሏን ዘርግታ ሌሊት የምታጥፈውን ሚሞዛ የተባለች ተክል ብርሃን በማይገባበት ጨለማ ስፍራ አስቀመጣት። ተክሏ ፀሐይን ሳታይም በየዕለቱ ቅጠሏን መዘርጋትና ማጠፍ ቀጠለች። ሰዓቱ ያለው ከውጭ ሳይሆን ከውስጥ ነበር ማለት ነው። ይህ ሰዓት በሕዋሳት ውስጥ በዘረ መልና በፕሮቲኖች መመላለስ እንዴት እንደሚሠራ በዝንቦች ላይ ምርምር አድርገው የገለጹት ሦስት አሜሪካውያን፣ ጄፍሪ ሆል፣ ማይክል ሮዝባሽና ማይክል ያንግ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የኖቤል ሽልማት ተቀብለውበታል።

የሰው ልጅ ዋና ሰዓት የሚገኘው በአንጎል ውስጥ ሃይፖታላመስ በሚባለው ክፍል፣ ወደ 20,000 የሚጠጉ ነርቮች በተሰበሰቡበት እጅግ ጠባብ ስፍራ ነው። ከፀሐይ ብርሃንና ከግድግዳ ሰዓት ተለይተው በቤተ ሙከራ የቆዩ ሰዎች ላይ በተደረገውና እ.ኤ.አ. በ1999 በታተመው ጥናት መሠረት፣ የዚህ ሰዓት አንድ ዙር በአማካይ 24 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ያህል ነው። ስለዚህ ሰዓታችን በየዕለቱ ጥቂት ወደኋላ የሚቀር ሰዓት ነው፤ በየቀኑ ካላስተካከልነው በአንድ ወር ውስጥ ከአምስት ሰዓት በላይ ይዛነፋል።

የሚያስተካክለው ብርሃን ነው። ሁይገንስ እ.ኤ.አ. በ1665 በአንድ ድጋፍ ላይ የተሰቀሉ ሁለት የፔንዱለም ሰዓቶች ጥቂት ቆይተው እኩል መወዛወዝ ሲጀምሩ ተመልክቶ ነበር። ደካማ ነገር ግን የማያቋርጥ ግፊት አንዱን ሰዓት ከሌላው ጋር ያስተሳስረዋል። በእኛ ላይ ግፊቱን የምታደርገው ፀሐይ ናት። እ.ኤ.አ. በ2002 እንደታወቀው፣ በዓይናችን ሬቲና ላይ ለማየት ሳይሆን በዋናነት ለዚህ ዓይነት አገልግሎት የተመደቡ ልዩ ሕዋሳት አሉ። እነርሱም የሞገድ ርዝመቱ 480 ናኖሜትር አካባቢ ለሆነው ሰማያዊ ብርሃን ይበልጥ ንቁዎች ናቸው።

በዚህ ረገድ ከምድር ወገብ ብዙ ሳንርቅ የምንኖር ሰዎች ዕድለኞች ነን። በአዲስ አበባ ረጅሙና አጭሩ ቀን የሚለያዩት ከአንድ ሰዓት ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ብቻ ነው፤ በተማርኩበት የሰሜን አገር ግን ክረምት ላይ ከቀትር በኋላ ብዙም ሳይቆይ ይጨልም ስለነበር ሰውነቴ ግራ ይጋባ ነበር። አባቶቻችን የቀኑን ሰዓት ከንጋት ጀምረው መቁጠራቸውም፣ ምናልባት ሳያስቡት፣ ከሰውነት ሰዓት አሠራር ጋር የሚስማማ ነው፤ የሰውነት ሰዓትም በየዕለቱ የሚታረመው በማለዳ ብርሃን ነውና።

ሁለቱ የሚገናኙበት ሰዓት

እንቅልፍ የሚመጣው ግን በሰዓት ብቻ አይደለም። ስዊዘርላንዳዊው ተመራማሪ አሌክሳንደር ቦርቤሊ እ.ኤ.አ. በ1982 ባቀረበው ሞዴል መሠረት፣ ከሰዓቱ ጎን ለጎን ነቅተን በቆየን መጠን እየተጠራቀመ የሚሄድ ሁለተኛ ግፊት አለ። ወንዝ እንደሚሞላው ግድብ ቁጠሩት፤ የሚያጎድለው እንቅልፍ ብቻ ነው። ለዚህ መጠራቀም ከፍተኛ ድርሻ ያለው አዴኖሲን የተባለ ኬሚካል ሲሆን፣ ቡናችን የሚያነቃን ካፌይን አዴኖሲን የሚቀመጥባቸውን ቦታዎች ቀድሞ ስለሚይዝ ነው። ልብ በሉ፤ ቡና ግድቡን አያጎድለውም፤ የውኃውን ከፍታ የሚያሳየውን ምልክት ይሸፍነዋል እንጂ። በደም ውስጥ ያለው ካፌይን በግማሽ ለመቀነስ በአብዛኛው ሰው ላይ አምስት ሰዓት ያህል ስለሚፈጅበት፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ የተጠጣ ስኒ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ለመተኛት ለሚሞክር ሐኪም ጠላት ነው።

ዘወትር ጠዋት 12 ሰዓት ላይ የሚነቃ ሰው የሰውነቱ ሙቀት ዝቅተኛ የሚሆነው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ ነው። ንቃቱም የሚያዘቀዝቀው በዚያው አካባቢ ነው። ከማለዳ ጀምሮ ነቅቶ የዋለና ያደረ ሐኪም በዚያ ሰዓት ግድቡ ሞልቶበታል፤ ሰዓቱም «ተኛ» ይለዋል። ተማሪዬ በዜሮ ነጥብ አንድ ስታባዛ የተሳሳተችው በዚህ ጊዜ ነው። የሰነፍ ተማሪ ስሕተት አይደለም፤ እኔው ራሴ ያረምሁትን የፈተና ወረቀቷን አስታውሳለሁ።

ራሱን የማይለካ መለኪያ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ደረስን። እ.ኤ.አ. በ1997 ኔቸር በተባለው መጽሔት በወጣ ጥናት፣ የእጅና የዓይን ቅንጅትን በሚለካ ፈተና፣ ለ17 ሰዓታት ነቅተው የቆዩ ሰዎች ብቃት በደማቸው ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለባቸው ሰዎች ብቃት ጋር ተመጣጠነ። 24 ሰዓት ሲሞላ ደግሞ ከ0.10 በመቶ ጋር ተስተካከለ። ሰክሮ መርፌ የሚወጋ ሐኪም ቢያጋጥመን እንጮኻለን፤ ለ24 ሰዓታት ያልተኛውን ግን «ጎበዝ፣ ታታሪ» ብለን እናመሰግነዋለን።

ከዚህ የከፋው እ.ኤ.አ. በ2003 የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያሳተሙት ውጤት ነው። ተሳታፊዎቹ በተለያዩ ቡድኖች ተመድበው ለ14 ቀናት በሌሊት 4፣ 6 ወይም 8 ሰዓት ብቻ እንዲተኙ ተደረገ። ስድስት ሰዓትና ከዚያ በታች የተኙት ሰዎች ብቃት በየቀኑ እያሽቆለቆለ ሄዶ፣ እስከ ሁለት ሌሊት ምንም ሳይተኙ ካደሩ ሰዎች ጋር እስከ መመሳሰል ደረሰ። የሚሰማቸው የእንቅልፍ ስሜት ግን ከጥቂት ቀናት በኋላ ብዙም አልጨመረም፤ ለምደነዋል ብለው አስበው ነበር። የለመደው ስሜታቸው ብቻ ነበር፤ ብቃታቸው አልለመደም።

በቤተ ሙከራችን ሚዛን ሲዛነፍ በራሱ በሚዛኑ አናርመውም፤ ክብደቱ የታወቀ ሌላ ነገር ከውጭ አምጥተን እናስተያየዋለን። የደከመ አንጎልም የድካሙን መጠን የሚገምተው በዚያው በደከመው አንጎል ስለሆነ ግምቱ አይታመንም። ስለዚህ «ሲደክመኝ አርፋለሁ» የሚለው ደንብ፣ ቅን ቢመስልም፣ ሳይንሳዊ መሠረት የለውም። ጥበቃው ከሐኪሙ ውጭ መቀመጥ አለበት፦ በተረኝነት ሰሌዳ፣ በወረቀት ላይ በሰፈረ ዝርዝር፣ «ደግመሽ እዪልኝ» ለማለት በማትፈራ ነርስ። ያቺ ነርስ ያደረገችው እኛ በፊዚክስ የመጠን ግምት የምንለውን ነው፤ ቁጥሩን ትታ የብልቃጡን ብዛት አየች። ከሐኪም ጋር ለመከራከር የማይደፈርበት ክፍል ቢሆን ኖሮ ግን ግምቷ ብቻውን ምንም ባልጠቀመ ነበር።

ምን ይደረግ?

ከአዳር መካከል አጭር እንቅልፍ መውሰድ እንደ ስንፍና ሊታይ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመ ጥናት፣ የድንገተኛ ክፍል ሐኪሞችና ነርሶች ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ 40 ደቂቃ እንዲያሸልቡ ዕድል ሲሰጣቸው፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ካላሸለቡት ይልቅ ንቁዎች ሆነው ተገኙ። ይሁን እንጂ ወዲያው እንደነቁ በ10 ሰዓት የተፈተነው የማስታወስ ችሎታቸው ለጊዜው ቀንሶ ነበር። ከእንቅልፍ የተነሣ ሰው ፊቱን ታጥቦ ጥቂት ደቂቃ ሳይቆይ የመድኃኒት መጠን ባያሰላ መልካም ነው።

ብርሃንን በተመለከተ ደንቡ አስቸጋሪ አይደለም። በሌሊቱ መጀመሪያ የሚታይ ደማቅ ብርሃን የሰውነትን ሰዓት ያዘገየዋል፤ ሙቀታችን ዝቅ ካለበት ሰዓት በኋላ የሚታየው ደግሞ ያፈጥነዋል። ለአንድ ሌሊት ብቻ ተረኛ የሆነ ሰው ሰዓቱን ለመለወጥ ባይደክም ይሻለዋል። ብዙ ሌሊቶችን በተከታታይ የሚሠራ ግን በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በደማቅ ብርሃን ሥር ቢሠራ፣ ጠዋት ወደ ቤት ሲሄድም ጥቁር መነጽር ቢያደርግና መስኮቱን በወፍራም መጋረጃ ቢጋርድ ሰዓቱ ቀስ በቀስ ይከተለዋል። የሆስፒታል ክፍል ብርሃን ብዙውን ጊዜ ጥቂት መቶ ሉክስ ሲሆን፣ የጠዋት ፀሐይ ግን በቀላሉ ከአሥር ሺህ ያልፋል። መነጽሩ ለምን እንደሚያስፈልግ ከዚህ መረዳት ይቻላል። ሰዓታችን ከ24 ሰዓት የሚረዝም በመሆኑ ማዘግየት ከማፍጠን ይቀልለዋል፤ ስለዚህ ፈረቃ ከጠዋት ወደ ከሰዓት በኋላ፣ ከዚያም ወደ ሌሊት ቢዞር ይመረጣል። ሰሌዳ የሚያወጡ ኃላፊዎች ይህን ለማስተካከል ብዙ ገንዘብ አያስፈልጋቸውም።

ሰዓት ስለ መቀነስስ? እ.ኤ.አ. በ2004 በቦስተን በጽኑ ሕሙማን ክፍሎች በተደረገ ጥናት፣ 24 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚዘልቅ ተረኝነት የነበራቸው ኢንተርኖች፣ ያ ከቀረላቸው ጊዜ ይልቅ በ36 በመቶ የበዙ ከባድ ስሕተቶች ፈጽመዋል። መልሱ ተገኘ ብሎ መደምደም ግን ችኮላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በስድስት የሕፃናት ጽኑ ሕሙማን ክፍሎች የታተመው ተመሳሳይ ሙከራ ተቃራኒውን አሳየ፤ ሰዓት ሲቀነስ ስሕተት ጨመረ። ምክንያቱ ሲመረመር፣ በአንዳንዶቹ ክፍሎች የእያንዳንዱ ሐኪም የታማሚ ብዛት ከፍ ብሎ ተገኘ፤ ይህ ከግምት ሲገባ ልዩነቱ ጎልቶ አልታየም።

የወረፋ ቀመር የሚያስተምሩ ባልደረቦቼ በዚህ አይደነቁም። በቀላሉ ሞዴል፣ አገልግሎት ሰጪው የሚያዝበትን የጊዜ ድርሻ ሮ ብንለው፣ በክፍሉ የሚገኘው አማካይ የሰው ብዛት ሮ ሲካፈል ለአንድ ሲቀነስ ሮ ነው። ሮ 0.5 ሲሆን አንድ ሰው፣ 0.8 ሲሆን አራት፣ 0.9 ሲሆን ዘጠኝ፣ 0.95 ሲሆን አሥራ ዘጠኝ ይሆናል። ሐኪም ሳይጨመር ሰዓት ብቻ ሲቀነስ ሮ ወደ አንድ ይጠጋል፤ ከዚያ በኋላ በእያንዳንዷ በመቶኛ ኮሪደሩ ይሞላል። በአገራችን የመጀመሪያው የድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊቲ ሥልጠና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። ሙያው ገና ወጣት ነው፤ ወደዚህ ሙያ የሚገባ እያንዳንዱ ተማሪ የሚቀንሰው የአንድን ሰው ድካም ብቻ አይደለም።

ተረኝነት በተከፋፈለ ቁጥር ርክክብም ይበዛል፤ በየርክክቡ ደግሞ አንድ ነገር ሊዘነጋ ይችላል። ዘጠኝ ሆስፒታሎችን ያካተተና እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት፣ ርክክብ ወጥ ቅደም ተከተል እንዲኖረው ሲደረግ የሕክምና ስሕተት በ23 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል።

የቀረው የጠዋቱ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካ ኢንተርኖች ላይ በታተመ ጥናት፣ ከ24 ሰዓትና ከዚያ በላይ ተረኝነት በኋላ የመኪና አደጋ የማጋጠም ዕድል ከአጭር ተረኝነት በኋላ ካለው በእጥፍ በልጦ ተገኝቷል። ይህን ለተማሪዬ ስነግራት መኪናዋን ከአዳር በኋላ መንዳት እንዳቆመች ነገረችኝ። አሁን ከሌሊቱ 9 ሰዓት በኋላ የምታዝዘውን መጠን ሁሉ ለነርሷ ጮክ ብላ ታነባለች፤ ጠዋት ጥቁር መነጽሯን አድርጋ በታክሲ ትሄዳለች። አንድ ጊዜ ብቻ መውረጃዋን አልፋ የመጨረሻው ማዞሪያ ላይ ረዳቱ «እኅቴ፣ ደርሰናል» ብሎ ቀስቅሷታል።