ተዘግተው ለሚውሉ ዶሮዎች ስለሚገባ መብል

በደባርቅና በዳባት፥ በስሜንም ተራራ ግርጌ ባሉ መንደሮች፥ ዶሮ በልማድ ተለቃ ትውላለች። ማለዳ ከቆጥ ወርዳ ከደጅ ትወጣና ከዐውድማው የወደቀውን ገብስ፥ ከእበቱ ትሉን፥ ከአጥሩ ሥር ለጋውን ሣር፥ ከመንገዱም ጠጠሩን ስትለቅም ትውላለች። ባለቤቲቱ ማታ አንድ እፍኝ እህል ብትበትንላት ዶሮዋን የመገበች እርሷ ብቻ ትመስላታለች፤ ነገር ግን ቀኑን ሙሉ የመገበቻት ምድር ናት።

ዶሮዪቱ በተዘጋች ጊዜ ይህ ሁሉ ይቀርባታል። የመዝጋቱ ምክንያት ብዙ ነው። ገብስ በሚዘራበት ወራት የጎረቤትን ማሳ ትጭራለችና ጠብ ታስነሣለች፤ ቀን ጭልፊት፥ ሌሊት ሸለምጥማጥ ይነጥቃታል። ፈንግል በመንደር የገባ እንደ ሆነም ከሌላው ዶሮ ጋር መቀላቀሏ የቤቱን ዶሮ ሁሉ ሊያስጨርስ ይችላል፤ (ፈንግልን ግን አስቀድሞ የሚከላከለው ከእንስሳት ሐኪም የሚገኘው ክትባት እንጂ መብል አይደለም)። ስለዚህ መዝጋቱ የሚነቀፍ አይደለም። የሚነቀፈው ከዘጉ በኋላ ገብስ ብቻ እየሰጡ መተው ነው። ጥቂት ሳምንት ሲያልፍ እንቁላሉ ያንሳል፥ ቅርፊቱ ይሳሳል፤ ዶሮዎቹም እርስ በርሳቸው ላባ ይነቃቀላሉ፥ የጣሉትንም እንቁላል ራሳቸው ይበላሉ። ሰውም ‹‹የሰው ዓይን ነው›› ይላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን የመብል ጉድለት ነው። ጉዳቱም ቀላል አይደለም፤ በብዙ ቤት የሕፃኑ ደብተርና የጓዳው ጨው የሚገዛው በእንቁላል ዋጋ ነውና።

እህል ኀይልና ሙቀት ይሰጣል። ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ብርዳም አገር ስለ ሆነች፥ ዶሮ ከምትበላው ብዙውን ሰውነቷን ለማሞቅ ታውለዋለች። ስለዚህ ያልተፈጨ ገብስ ወይም ስንዴ ማታ ቆጥ ላይ ከመስፈሯ በፊት መስጠት ይገባል፤ ሌሊቱን ቀስ በቀስ እየተፈጨ ያሞቃታልና። እህሉንም በጭድ ውስጥ በትኖ ጭራ እንድታወጣው ማድረግ ይሻላል፤ ሥራ ያላት ዶሮ የጓደኛዋን ላባ አትነቅልም። ሻጋታ ያገኘውን እህል ‹‹ለዶሮ ይሁን›› ብሎ መጣል ግን ትልቅ ስሕተት ነው፤ ሻጋታው ጉበቷን ይመርዛል።

እንቁላል ከገብስ ብቻ አይሠራም። ሥጋን የሚገነባ መብል፥ ይኸውም ፕሮቲን የሚባለው፥ ያስፈልጋል። ተቀቅሎ ወይም ተቆልቶ የተከካ ባቄላና አተር፥ የኑግ ፋጉሎ፥ በፀሐይ የደረቀ የጠላ አተላ ለዚህ ይረዳሉ። የተልባ ፋጉሎ ለጫጩት አይስማማም፤ ጓያም ባይሰጥ ይሻላል። ተለቅቃ የምትውል ዶሮ ከሁሉ አብልጣ የምትወደው ትልን ነው፤ ይህንም በቤት ማበጀት ይቻላል። እበትና ጭድ ቀላቅሎ በጥላ ሥር መከመር፥ እንዳይደርቅም ውሃ ማርከፍከፍ ነው። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ክምሩ ሲገለጥ ትልና ጥንዚዛ ይገኝበታል። ከሊማሊሞ በታች ባለው ቆላ ደግሞ ምስጥ አለ። ነገር ግን በበከተ ሥጋ ላይ የፈላ ትል ፈጽሞ አይሰጥም፤ አንገትን አልፈስፍሶ የሚገድል መርዝ ያመጣልና።

በክረምት ለጋ ሣርና የጎመን ቅጠል አይታጣም። ቅጠሉን መሬት ላይ ከመጣል ይልቅ በገመድ አስሮ ዶሮዪቱ አንገቷን ቀና አድርጋ በምትደርስበት ቁመት ማንጠልጠል ይገባል፤ አይረገጥም፥ አይቆሽሽም። ጭንቀቱ ከታኅሣሥ በኋላ ምድር ስትደርቅ ነው። በዚህ ጊዜ የአገሩ ሴቶች ብቅል የማብቀል ዕውቀት ይጠቅማል። ገብሱን አንድ ሌሊት ዘፍዝፎ፥ በንጹሕ ዕቃ አስጥቶ፥ በየቀኑ ውሃ እየነሰነሱ ብርሃን ባለበት ቢያስቀምጡት፥ ብቅሉ ከሚደርስበት ቀን ጥቂት ቆይቶ አረንጓዴ ቡቃያ ያወጣል፤ ይህንም ዶሮ በደስታ ትበላዋለች። በደባርቅ ድንች ብዙ ነውና ልጣጩ ተቀቅሎ ሊሰጥ ይቻላል፤ አረንጓዴ የሆነውና የጎነቆለው ግን ይጣል።

ዶሮ ጥርስ የላትም፤ እህሉን የምትፈጨው በውጣችው ጠጠር ነው። ለተዘጋች ዶሮ እንግዲህ ደቃቅ ጠጠር በዕቃ ይቀመጥላት። የአንድ እንቁላል ቅርፊት 5 ወይም 6 ግራም ያህል ይመዝናል፤ እርሱም ከሞላ ጎደል ኖራ ነው። ይህን ከየት ታምጣው? የእንቁላሉን ቅርፊት ቆልቶ አድቅቆ መመለስ ነው። ሳይደቅ ከተሰጣት ግን እንቁላል ሰብሮ መብላትን ትማራለች። ኖራውም በአጥንቷ እንዲዋሐድ በየቀኑ ፀሐይ ማግኘት አለባት። ውሃ ከምትበላው መብል ክብደት እጥፍ ያህል ትጠጣለች። የወጥ ትራፊ ሲሰጥ በርበሬው አያቃጥላትም፤ የሚጎዳት የጨው መብዛት ነው።

መምህር ይህን በትምህርት ቤት ግቢ በጥቂት ዶሮዎች ሊያሳይ ይችላል። መብሉ ከመለወጡ በፊት ሁለት ሳምንት፥ ከተለወጠም በኋላ ስድስት ሳምንት፥ ተማሪዎች የእንቁላሉን ቍጥር በየቀኑ ይጻፉ። አዲሱ መብልም በአንድ ጊዜ ሳይሆን በሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ይተካ። መታቀፍ የጀመረች ዶሮ እንቁላል ማቆሟ በመብል ምክንያት ስላልሆነ፥ ስሟ ለብቻ ይጻፍ።