በሚሶ ውስጥ ቀይ የቀረ ደም፦ የሃካማዳ ጉዳይና የጃፓን የዳግም ዳኝነት ሥርዓት

እ.ኤ.አ. በሰኔ 1966 መጨረሻ፣ በጃፓን ሺዙኦካ አውራጃ፣ ከአኩሪ አተር የሚብላላውን ሚሶ የሚያመርት ድርጅት አንድ ሥራ መሪ ከባለቤቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር በስለት ተወግቶ ተገደለ፤ ቤታቸውም ተቃጠለ። በነሐሴ ወር የተያዙት የፋብሪካው ሠራተኛና የቀድሞ ቦክሰኛ ኢዋኦ ሃካማዳ ለሃያ ቀናት ያህል፣ በቀን በአማካይ 12 ሰዓት ተመርምረው የእምነት ቃል ሰጡ፤ ችሎት ፊት ሲቀርቡ ግን ቃላቸውን ካዱ።

የአውራጃው ፍርድ ቤት በ1968 የሞት ቅጣት ሲወስን፣ ከቀረቡት 45 የእምነት ቃል ሰነዶች 44ቱን ውድቅ አድርጎ በዐቃቤ ሕግ ፊት የተሰጠውን አንዱን ብቻ ተቀብሏል። ያው ሰው በዚያው እስርና በዚያው ሰሞን የሰጠው ቃል በዚህ ሰነድ ላይ ብቻ እንዴት ነጻ ፈቃድ እንዳገኘ መረዳት ያዳግታል። ከሦስቱ ዳኞች አንዱ የነበሩት ኖሪሚቺ ኩማሞቶ፣ በነጻ እንዲለቀቁ ሐሳብ ሰጥተው በድምፅ ብልጫ መሸነፋቸውንና የሞት ፍርዱን ግን ራሳቸው መጻፋቸውን በ2007 በይፋ ተናግረዋል።

የፍርዱ ዋና ምሰሶ ግን ልብስ ነበር። ከግድያው 14 ወራት በኋላ፣ ክርክሩ በመካሄድ ላይ ሳለ፣ ደም የነካቸው አምስት ልብሶች በፋብሪካው የሚሶ ገንዳ ውስጥ ተገኙ። እስከዚያ ድረስ ገዳዩ የሌሊት ልብስ ለብሶ ነበር ሲል የቆየው ዐቃቤ ሕግ ክሱን በአዲሱ ግኝት ልክ ለወጠ። ሱሪው በይግባኝ ችሎት ሲለካ ከሃካማዳ ጭን አላልፍ አለ፤ ተኮማትሯል የሚል መልስ ተሰጠ። ፍርዱም በ1980 በጠቅላይ ፍርድ ቤት ጸና።

ነገሩን የፈታው ጥያቄ ቀላል ነው፦ ደም ከአንድ ዓመት በላይ በሚሶ ውስጥ ቢቆይ ቀለሙ ምን ይሆናል? ሙከራዎች እንዳሳዩት የሚሶው ጨውና አሲድ የደሙን ቀይ ንጥረ ነገር ስለሚያፈርሱ ነጠብጣቡ ይጠቁራል። በልብሶቹ ላይ ግን ሲገኙ ቅላት ይታይ ነበር። ስለዚህ ወደ ገንዳው የገቡት ከመገኘታቸው ጥቂት ቀደም ብሎ መሆን አለበት፤ ሃካማዳ ደግሞ በዚያን ጊዜ እስር ቤት ነበሩ።

እንዲህ ያለ ቀላል ጥያቄ ለምን ይህን ያህል ዘገየ? በ1981 የቀረበው የመጀመሪያው የዳግም ዳኝነት አቤቱታ 27 ዓመት ወስዶ ተዘጋ። ጥርት ያሉት የልብሶቹ ፎቶግራፎችና 600 ያህል ማስረጃዎች የተገለጡት በ2008 በተጀመረው ሁለተኛው አቤቱታ ነው። የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከአንቀጽ 435 እስከ 453 ስለ ዳግም ዳኝነት ሲደነግግ፣ ዐቃቤ ሕግ የያዘውን ማስረጃ እንዲያሳይ የሚያስገድድ ቃል አልነበረበትም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1975 የጥርጣሬ ጥቅም ለተከሳሽ የሚለው መርህ በዚህ ደረጃም እንደሚሠራ ወስኖ ነበር፤ ዳሩ ግን ጥርጣሬውን የሚፈጥረው ማስረጃ በተቃራኒው ወገን መዝገብ ቤት ተቆልፎ ሳለ መርሁ ብቻውን አቅም የለውም።

ሌላው እንቅፋት የዐቃቤ ሕግ ይግባኝ ነው። በ2014 ዳግም ዳኝነት ተፈቅዶ ሃካማዳ ከእስር ቢወጡም፣ የቶኪዮ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2018 ትእዛዙን ሻረ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2020 የደሙ ቀለም እንደገና እንዲመረመር መለሰው፤ ትእዛዙ የጸናው በ2023 ነው። ይህ ሁሉ ዘጠኝ ዓመት የፈጀው ክርክሩ ይከፈት ወይስ አይከፈት በሚለው ላይ ብቻ ነው።

መስከረም 26 ቀን 2024 የሺዙኦካ ፍርድ ቤት የ88 ዓመቱን ሃካማዳን በነጻ አሰናበተ፤ የእምነት ቃሉ ሰነድ፣ አምስቱ ልብሶችና ከቤተሰባቸው ቤት ተገኘ የተባለው ቁራጭ ጨርቅ በመርማሪዎች የተፈበረኩ መሆናቸውንም ገለጸ። ከጦርነቱ ወዲህ በጃፓን ከሞት ፍርድ በዳግም ዳኝነት ነጻ የወጡ አምስተኛው ሰው ናቸው። ለአሥርተ ዓመታት የስቅላት ቀናቸውን ሲጠብቁ አእምሯቸው በመጎዳቱ ችሎቱን መከታተል አልቻሉም፤ ውሳኔው ሲነበብ በስፍራቸው ተገኝተው የሰሙት የ91 ዓመቷ እህታቸው ሂዴኮ ነበሩ።