ጤና አዳምና አቮካዶ በጓሮ፦ አነጻጽሮ መምረጥና አቀናጅቶ መትከል

ለሞዴል አርሶ አደሮች የተዘጋጀ የሥልጠና ጽሑፍ

መግቢያ

በየዓመቱ የክረምት ተከላ ሲደርስ ወደየጓሮው የሚሄደው ችግኝ ብዙ ነው። ሁለት በጋ ተሻግሮ የሚገኘው ግን ያነሰ ነው። ለዚህ ከሚጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ፣ የሚተከለው ተክል ካለው ቦታ፣ ከውሃው ርቀትና ከቤተሰቡ ጉልበት ጋር ሳይገናዘብ መመረጡ ነው። ጎረቤት አቮካዶ ሸጦ ቆርቆሮ ገዛ ሲባል ጓሮን በሙሉ አቮካዶ መሙላት ያከስራል። ዛፍ ይዘገይብኛል ብሎ ጨርሶ አለመትከልም እንዲሁ ያከስራል።

በዚህ ትምህርት የምናነጻጽረው አንድ የመድኃኒት ተክልና አንድ የፍራፍሬ ዛፍ ነው፤ ጤና አዳምንና አቮካዶን። ሁለቱም በወይና ደጋ ጓሮ ይለማሉ፣ ሁለቱም ገበያ አላቸው። የሚሰጡት ጥቅም ግን በጊዜም በዓይነትም ይለያያል። ትምህርቱን ሲጨርሱ የትኛውን በየትኛው የጓሮ ክፍል፣ ስንት እግር፣ በማን ጉልበት እንደሚተክሉ መወሰን ይችላሉ።

1. ሁለቱን ተክሎች በአጭሩ

ጤና አዳም ለብዙ ዓመት የሚቆይ፣ ከሥሩ እንጨት የሚያበጅ፣ ቁመቱ ብዙ ጊዜ ከአንድ ሜትር የማያልፍ ቁጥቋጦ ነው። ቅጠሉ ከቡና ጋር ይቀርባል፤ ፍሬው በበርበሬና በቅመማ ቅመም ይገባል። በባህላዊ መድኃኒትነት ለሆድ ቁርጠትና ለጉንፋን ሲያገለግል ኖሯል። ፀሐይ ይወዳል፣ ድርቅ ይችላል፣ ውሃ የተኛበት መሬት ግን ይገድለዋል።

አቮካዶ የመጣው ከመካከለኛው አሜሪካ ነው። በአገራችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ1500 እስከ 2400 ሜትር ገደማ ባለው ቦታ ይስማማዋል። ውርጭ የሚመታው ደጋ ላይ ወጣቱ ችግኝ ስለሚቃጠል አይመከርም፤ በዚያ ያላችሁ ጤና አዳሙን ወስዳችሁ ለዛፉ ቦታ አፕል መትከል ትችላላችሁ። አቮካዶ ሥሩ ጥልቀት የለውም፤ ውሃ ቢያጣም ይጎዳል፣ ውሃ ቢተኛበትም ሥሩ ይበሰብሳል።

2. ንጽጽር

ሀ. ጊዜ። ጤና አዳም በግንጣይ ከተተከለ በተወሰኑ ወራት ውስጥ መቆረጥ ይጀምራል። የተዳቀለ አቮካዶ ጥሩ እንክብካቤ ካገኘ በ3ኛው ወይም በ4ኛው ዓመት ፍሬ ይሰጣል። ከፍሬው ዘር የበቀለ አቮካዶ ግን ከ5 እስከ 7 ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል፤ ፍሬውም የእናቱን ዛፍ ላይመስል ይችላል። ስለዚህ ለገበያ የሚተክሉ ከሆነ የተዳቀለ ችግኝ ይምረጡ።

ለ. ቦታ። አንድ ጤና አዳም በ50 ሳንቲ ሜትር ርቀት ይበቃዋል። አንድ አቮካዶ ቢያንስ 7 ሜትር ይፈልጋል። ችግኙ ሲተከል ክንድ የማያህል ስለሆነ 3 ሜትር የሚበቃው ይመስላል። ቅርንጫፎቹ ሲገናኙ ግን የታችኞቹ ብርሃን አጥተው ይደርቃሉ፣ ፍሬው ጫፍ ላይ ብቻ ይሆናል፣ ለቀማውም አስቸጋሪ ይሆናል።

ሐ. ውሃና ጉልበት። ወጣት አቮካዶ በመጀመሪያዎቹ ሁለት በጋዎች ሳይጠጣ አይተርፍም። በሳምንት ሁለት ጊዜ አንድ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን እንደ መነሻ ይያዙ። ለ3 ዛፍ ይህ በሳምንት 6 ጀሪካን ነው፤ 120 ሊትር። ዝናብ ከወጣ ጀምሮ እስኪገባ ድረስ ይህን ውሃ የሚቀዳው ማን ነው? ብዙ ጊዜ የቤት እመቤቷና ልጆች ናቸው። የችግኙን ቁጥር አባወራው ብቻውን መወሰን የለበትም፤ ውሃ ቀጂዋም አብራ ትወስን። ጤና አዳም ሥር ከሰደደ በኋላ በበጋ በሳምንት አንድ ጊዜ ቢጠጣ ይበቃዋል።

መ. ገበያ። ጤና አዳም በየሳምንቱ ገበያ ጥቂት ብር ያመጣል፤ ለጨው፣ ለሳሙና፣ ለደብተር። ገበያው ግን ጠባብ ነው። በአንድ ጎጥ አሥር ቤት አንድ ላይ ቢያለማ ዋጋው ይወድቃል። የአቮካዶ ገቢ በአንድ ወቅት፣ ጠርቀም ብሎ ይመጣል፤ ለማዳበሪያ ወይም ለጥጃ መግዣ ይሆናል። አደጋው ነጋዴ ፍሬው ሳይደርስ ዛፉን በግምት ሲገዛ ነው። ችግር ይዞት በአበባ ላይ የሸጠ ሰው የሦስት ዓመት ድካሙን በርካሽ አሳልፎ ይሰጣል። ሳምንታዊ ገቢ ያለው ቤት ግን ፍሬው እስኪደርስ የመጠበቅ አቅም ያገኛል። ሁለቱን ተክሎች አቀናጅቶ የመትከል ዋናው ጥቅም ይህ ነው።

ሠ. የቤት ምግብ። አቮካዶ በጤናማ ቅባት የበለጸገ ነው፤ ስድስት ወር ላለፈው ሕፃን ተፈጭቶ ከሌላ ምግብ ጋር ይሰጣል። ጤና አዳም ማጣፈጫ ነው፤ ምግብን አይተካም።

3. በአንድ ጓሮ አቀናጅቶ መትከል

ለምሳሌ 20 ሜትር በ10 ሜትር የሆነ ጓሮ እንውሰድ። ርዝመቱ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ነው እንበል።

በመካከሉ በአንድ መስመር 3 አቮካዶ ይተከላል። የመጀመሪያው ከዳር 3 ሜትር ገብቶ፣ ሁለተኛው 10ኛው ሜትር ላይ፣ ሦስተኛው 17ኛው ሜትር ላይ ይሆናል። በዛፎቹ መካከል 7 ሜትር፣ ከጎን አጥር ደግሞ 5 ሜትር ይኖራል።

ሦስቱም አንድ ዓይነት ባይሆኑ ይመረጣል። የአቮካዶ አበባ ሁለት ጊዜ ይከፈታል፤ መጀመሪያ እንደ ሴት፣ በማግስቱ እንደ ወንድ። ሀስ የተባለው ዝርያ ጠዋት እንደ ሴት ተከፍቶ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ እንደ ወንድ ይከፈታል። ኢቲንገርና ፉኤርቴ ደግሞ ከሰዓት በኋላ እንደ ሴት፣ በማግስቱ ጠዋት እንደ ወንድ ይከፈታሉ። ስለዚህ ሁለት ሀስና አንድ ኢቲንገር ቢተከሉ የአንዱ የአበባ ዱቄት ለሌላው ይደርሳል። ዱቄቱን የሚያደርሱት ንቦች ስለሆኑ በአበባ ወቅት ፀረ ተባይ አይርጩ።

ለጤና አዳም በደቡብ በኩል ያለውን ዳር ይተዉ። በበጋ ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል የዛፉ ጥላ ወደ ሰሜን ይወድቃል። አንድ ሜትር ስፋት፣ 20 ሜትር ርዝመት ባለው መደብ በሁለት መስመር፣ በ50 ሳንቲ ሜትር ርቀት 80 እግር ያህል ይይዛል። በመጀመሪያው ዓመት ከ20 እስከ 30 እግር ተክለው ገበያውን ይሞክሩ። የቀረውን መደብ ጎመንና ቃሪያ ያልሙበት።

በዛፎቹ መካከል ያለው ክፍት ቦታም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ዓመታት ጤና አዳም ወይም አትክልት ሊይዝ ይችላል። ከዛፉ ግንድ ዙሪያ አንድ ሜትር ግን ነፃ ይሁን። ጥላው ሲሰፋ ጤና አዳሙ ይቀጥናል፣ ቅጠሉ ይሳሳል። ያን ጊዜ ግንጣይ ወስደው ወደ ዳሩ መደብ ያዛውሩት።

4. አተካከልና እንክብካቤ

አቮካዶ
- ጉድጓዱን 60 በ60 በ60 ሳንቲ ሜትር አድርገው ከተከላው አንድ ወር ቀደም ብለው ይቆፍሩ። የላይኛውን አፈር ለብቻ አስቀምጠው በደንብ ከበሰለ ኮምፖስት ጋር ይቀላቅሉ።
- ዋልካ መሬት ላይ ጉድጓዱ ውሃ ይቋጥራል፤ አፈሩን ከፍ አድርገው ጉብታ ላይ ይትከሉ፣ ማፋሰሻም ያውጡ።
- ፕላስቲኩን ሳይቀዱ አይትከሉ። ችግኙ የተዳቀለበት ቦታ ከአፈሩ በላይ ይሁን። ከዚያ በታች የሚያቆጠቁጠውን በየጊዜው ያስወግዱ፤ ካልተወገደ የተፈለገውን ዝርያ ውጦ ይቀራል።
- በደረቅ ሣር ይጎዝጉዙ፤ ጉዝጓዙ ግን ግንዱን አይንካ።
- ፍሬው ዛፍ ላይ እያለ አይለሰልስም። መድረሱን ለማወቅ ሁለት ሦስት ፍሬ ቆርጠው ቤት ያስቀምጡ፤ በ7 እስከ 10 ቀን ሳይጨማደድ ከለሰለሰ ደርሷል። አጭር እንጨቱን አስቀርተው በመቀስ ይቁረጡ። በዱላ የወረደ ፍሬ ውስጡ ይጠቁራል፣ ነጋዴም ይጥለዋል።

ጤና አዳም
- ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጤናማ ግንጣይ በችግኝ መደብ ላይ በጥላ ሥር ያስይዙ፤ ሥር ሲሰድ ያዛውሩት።
- ሲቆርጡ አረንጓዴውን ክፍል ብቻ ይቁረጡ። እንጨት የሆነውን የታችኛውን ክፍል ከቆረጡ ላያቆጠቁጥ ይችላል።
- በተራ ይቁረጡ። 80 እግር ካለዎትና በሳምንት 10 እግር ከቆረጡ፣ ወደ መጀመሪያው የሚመለሱት በ8 ሳምንት ነው፤ ተክሉም የማገገሚያ ጊዜ ያገኛል።
- ጤና አዳም ከሎሚና ከብርቱካን ጋር የአንድ ቤተሰብ ተክል ነው። የሎሚን ቅጠል የሚበላው የቢራቢሮ ትል ሊመጣበት ስለሚችል እያዩ በእጅ ይልቀሙ።

5. ሊዘለሉ የማይገባቸው ጥንቃቄዎች

- የጤና አዳም ፈሳሽ ቆዳ ነክቶ ፀሐይ ሲያርፍበት ውሃ የቋጠረ ቁስል ያስከትላል። ጠዋት በማለዳ ወይም ወደ ማታ፣ እጅጌ ረጅም ልብስ ለብሰው ይቁረጡ፤ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። ሕፃናት በፀሐይ ቅጠሉን እያሹ አይጫወቱበት።
- ነፍሰ ጡር ሴት ጤና አዳምን በመድኃኒት መልክ ጨምቃም ሆነ አፍልታ መጠጣት የለባትም። ማኅፀንን ሊያኮማትርና ፅንስ ሊያስወርድ ይችላል፤ በብዛት ሲወሰድ ጉበትንና ኩላሊትንም ይጎዳል።
- ትኩሳት የያዘው ወይም ተቅማጥ የበረታበት ሕፃን ወደ ጤና ኬላ ይወሰድ። ተክሉን ሲሸጡም ይህን በሽታ ይፈውሳል ብለው አይሽጡ። በእናንተ ቃል ተማምኖ ሕክምና የሚዘገይ ቤተሰብ ሊኖር ይችላል።
- ሲገረዝ የተረፈውን የአቮካዶ ቅጠል ለፍየል፣ ለበግ፣ ለላምም ሆነ ለዶሮ አይስጡ። በቅጠሉ ውስጥ ያለው መርዝ የጡት እብጠትና የልብ ጉዳት ያስከትላል። ቅጠሉን ለጉዝጓዝ ወይም ለኮምፖስት ያውሉት፤ ክምሩንም እንስሳት እንዳይደርሱበት ያጥሩት።

6. ማጠቃለያ

የሚያጠጡት ውሃ ከ2 ዛፍ በላይ የማይበቃ ከሆነ 2 ይትከሉ። ጓሮው ጠባብ ከሆነ አንድ ዛፍና አንድ የጤና አዳም መደብ ይበቃል። መሬቱ ውሃ የሚተኛበት ከሆነ አስቀድመው ማፋሰሻ ይሥሩ፤ ይህ ለሁለቱም ግዴታ ነው። አቮካዶው እስኪደርስ ጤና አዳሙ የሳምንቱን ወጪ ይደግፍ፤ አቮካዶው ሲደርስ ደግሞ ጤና አዳሙ ፀሐይ ያለበት ቦታ ተጠብቆለት ይቆይ።

የመወያያ ጥያቄዎች
1. በእናንተ ጓሮ በበጋ ከቀትር በኋላ ጥላ የሚወድቀው በየት በኩል ነው?
2. በበጋ በሳምንት ስንት ጀሪካን ውሃ ለጓሮ ሊተርፍ ይችላል? የሚቀዳውስ ማን ነው?
3. በአቅራቢያችሁ ገበያ በአንድ የገበያ ቀን ስንት እስር ጤና አዳም ይሸጣል? ሻጮቹስ ስንት ናቸው?
4. በቀበሌያችሁ አቮካዶን በዛፍ ላይ በግምት የሸጠ ሰውና ለቅሞ በኪሎ የሸጠ ሰው ያገኙት ገቢ ምን ያህል ይለያያል?

የተግባር ሥራ
ጓሮዎን ከባለቤትዎ ጋር በእርምጃ ለክተው በወረቀት ላይ ንድፉን ይሥሩ፤ የቤቱን፣ የውሃውን፣ የጥላውንና የከብቱን መንገድ ያመልክቱ። ዛፉንና መደቡን በንድፉ ላይ አስፍረው ለቀጣዩ ሥልጠና ይዘው ይምጡ። ችግኝ የምንጠይቀው በንድፉ ላይ በተቆጠረው ልክ ይሆናል።